ሚያዝያ 27 የማን ቀን ነው? ከመነሻው እስከ 38ኛው መልስ

በመድረካችን የተከፈተው ይህ የውይይት ክር 38 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎችም ቀድሞ የተመለሰውን ደጋግመው መጠየቅ ስለጀመሩ፣ እንደ አወያይነቴ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥሁም። ቁም ነገር ባለበት እረዝማለሁ፣ ፍሬ በሌለበት እዘላለሁ፤ የራሴንም አስተያየት ጣል ማድረጌ አይቀርም።

መነሻው

ጠያቂዋ ደብረ ብርሃን የምታስተምር የታሪክ መምህርት ናት። በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ፣ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ በዕለቱ የተፈጸመ ታሪክ የሚያወሳ የአምስት ደቂቃ ዝግጅት አላት። ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ዝግጅቱ የሚተላለፈው በዋዜማው ነው። ከየቦታው የለቀመችውን ዝርዝር አቅርባለች። ካርል ማርክስ የተወለደበት (እ.ኤ.አ. 1818)፣ ናፖሊዮን በቅድስት ሔለና ደሴት የሞተበት (1821)፣ ሜክሲኮዎች ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ጦር ያሸነፉበት (1862)፣ አለን ሼፐርድ ከአሜሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ ወደ ጠፈር የወጣበት (1961)። ከእኛ ደግሞ ሁለት፦ በ1928 የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት፣ በ1933 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት።

ሦስት ነገር ጠየቀች። የሚጨመር አለ ወይ? የጠላት መግባትና የንጉሡ መመለስ በአንድ ቀን መዋሉ እንዲያው የገጠመ ነው ወይስ ታስቦበት? ሦስተኛው ጥያቄ የተማሪዎቿ ነው፤ ነገሩ ሁሉ አዲስ አበባ የተፈጸመ ከሆነ ሰሜን ሸዋን ምን አገባው ብለዋታል። ለእኔ ከሦስቱ የሚበልጠው የልጆቹ ጥያቄ ነበር፤ ክሩም ሳያስበው አብዛኛውን ጊዜውን የሰጠው ለእርሱ ነው።

መልስ 1 እስከ 3

ምስጋናና የመልካም በዓል ምኞት። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ፍሬ ይዟል፦ እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካ ጦር የማውትሃውዘንን የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነጻ ያወጣበት፣ በ1949 የአውሮፓ ምክር ቤት የተቋቋመበት፣ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ አብቅቷል ያለበት ቀን ሁሉ ያው ሜይ 5 መሆኑን ጠቁሟል።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው መልስ ሰጪ በደሴ መንገድ የጭነት መኪና የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ለተማሪዎቹ ጥያቄ በቀጥታ መልስ ሰጠ። የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በእኛው ደጃፍ፣ በደብረ ሲና ዳገት፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን በኩል አልፎ ነው ብሎ አስረዳ። ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ በዚያ ዳገት ሲወጣ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት፣ በሐምሌ ጉም ውስጥ የተጫነ ተሳቢ ይዞ ዋሻው ላይ መድረስ ይበቃል ባይ ነው።

አምስተኛው ወዲያው አረመው። ዋሻው ያን ጊዜ አልነበረም፤ ጣልያኖች የፈለፈሉት አገሪቱን ከያዙ በኋላ ነው። በሚያዝያ 1928 ጦሩ ያለፈው በራሱ በበሩ ላይ ሲሆን፣ መንገዱን የእኛ ሰዎች አስቀድመው አፍርሰውት ስለነበር እስኪጠገን ቆሟል። ዝናቡም ሌላ መከራ ሆኖበታል፤ መኪኖቹን ከጭቃው በእጃቸው እየገፉ ያወጡበት ጊዜ ነበር። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ዕጩ መኮንኖችም ወደዚያው ለመከላከል ተልከው እንደነበር ጨምሯል። ሾፌሩ እርማቱን በደስታ ተቀበለ፤ በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

መልስ 6

አጭር ናት፤ ግን የመምህርቷን ዝግጅት ያቃናችው እርሷ ናት። ዝግጅቱ የሚተላለፈው ሚያዝያ 26 ከሆነ፣ ያ ቀን የራሱ ታሪክ አለው። በ1928 በዚሁ ዕለት፣ ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልጅ ኃይለ ማርያም ማሞ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ጫጫ ላይ ሸምቆ የጣልያንን ጦር መታ። ከተማው ሳይያዝ አርበኝነቱ ተጀምሯል ማለት ነው። እርሱ በ1930 በጦር ሜዳ ወደቀ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ መልስ ሰጪው በርካታ ተማሪዎች ስሙን ከደጃፉ ላይ ከማንበብ አልፈው የሚያውቁት ነገር የለም ሲል አዝኗል።

መልስ 7 እስከ 9

ሰባተኛው ከፍቼ ነው የጻፈው። ስለ አንዱ መንገድ ብቻ እያወራችሁ ሌላውን ረሳችሁ ሲል ወቀሰ። በ1933 ንጉሡ የተመለሱት በደብረ ብርሃን በኩል አይደለም። ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በፍቼና በደብረ ሊባኖስ አልፈው እንጦጦ ደረሱ። እንጦጦ ማርያም ተሳልመው ወደ ከተማ ሲወርዱ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው የጠበቋቸው የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ናቸው፤ እነዚያ ደግሞ አምስቱን ዓመት በዚሁ በሰሜን ሸዋ ገደላ ገደል የከረሙ ሰዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት በነጭ ፈረስ ፊት ፊት ይሄድ ነበር፤ ንጉሡ በመኪና ይከተሉ ነበር።

ስምንተኛው ሰው ፍቼ የእኛ ሰሜን ሸዋ አይደለም፣ ሌላ ዞን፣ ሌላ ክልል ነው ብሎ ዘጋው። አነጋገሩ ቆምጨጭ ያለ ነበር። ዘጠነኛው፣ ያው የፍቼው ሰው፣ ሳይቆጣ መለሰ፦ ሁለቱም ዞኖች ዛሬም ሰሜን ሸዋ ተብለው ነው የሚጠሩት፤ በ1928ም ሆነ በ1933 ደግሞ ዞን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው የሚያውቀው መንዝን፣ ተጉለትን፣ ቡልጋን፣ ሰላሌን ነው።

እዚህ ላይ የእኔን ልጨምር። ከደሴ የሚመጣው በደብረ ሲና፣ ከጎጃም የሚመጣው በፍቼ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ከሰሜን የሚወርዱት ሁለቱ ታላላቅ መንገዶች ሁለቱን ሰሜን ሸዋዎች ነው የሚያቋርጡት። በአንዱ ጠላት ገባ፣ በሌላው ንጉሡ ተመለሱ፤ ሁለቱም በሚያዝያ 27። ለተማሪዎቹ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ ስምንተኛው ሰው ቢቀየምም ቃሌን አላነሣም።

መልስ 10 እስከ 12

ስለ ደብረ ሲና ቆሎ ነው። ከሾፌሩ ጽሑፍ የተነሣ አንድ ሰው ቆሎው እንደ ድሮው አይደለም አለ፤ ሌላው የምትገዛው ከማን እንደሆነ ብታውቅ እንዲህ አትልም አለ፤ ሦስተኛው የዋጋ ጥያቄ ጠየቀ። ሦስቱንም አልሰረዝኋቸውም፤ መልስ 12 ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ ስላስራበኝ ነው።

መልስ 13

አንኮበር አካባቢ የሚኖር፣ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቀመር) የተማረ ዲያቆን ገባና የክሩ አቅጣጫ ተለወጠ። በትሕትና ጀመረ፤ መምህርቷን አመሰገነ፤ ከዚያ የዝርዝሯ ግማሽ በሚያዝያ 27 ያልዋለ መሆኑን ነገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ሜይ 5 ሚያዝያ 27 ላይ ይውላል፤ ይህ ግን የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ ብቻ ነው። እኛ ዘመነ ሉቃስ በተፈጸመ ቁጥር፣ በየአራት ዓመቱ፣ ያለ ማቋረጥ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን። ፈረንጆቹ ግን ዓመቱ መቶ ሲሞላ፣ ለ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ፌብሩዋሪ 29ን ይዘሏታል። በ1800 ዘለሏት፣ በ1900 ዘለሏት፤ 2000 ለ400 ስለሚካፈል ሳይዘሏት ቀሩ። በዘለሏት ቁጥር የእኛ ዕለት በእነርሱ አቆጣጠር አንድ ቀን ወደፊት ትሄዳለች። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመታቸው ሜይ 5 የእኛ ሚያዝያ 28 ነበር፤ በ18ኛው ደግሞ 29። ማርክስ የተወለደው ሚያዝያ 28 ቀን 1810፣ ናፖሊዮን የሞተው ሚያዝያ 28 ቀን 1813፣ የፑዌብላ ጦርነት የተደረገው ሚያዝያ 28 ቀን 1854 ነው። በመድኃኔ ዓለም ሳይሆን በአማኑኤል ማለት ነው። የሼፐርድ በረራ ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1953 ሆኖ ይጸናል። እ.ኤ.አ. በ2100 ፈረንጆቹ አንድ ቀን እንደገና ስለሚዘሉ የእኛ ሚያዝያ 27 ከዚያ ወዲያ ሜይ 6 ላይ ይውላል።

መልስ 14 እስከ 16

በአሥራ አራተኛው ላይ አንድ ሰው በአንድ ቀን ልዩነት ማን ሞተ ብሎ አጣጣለው። ለአምስት ደቂቃ ዝግጅት ይህን ያህል መፈተል ልጆችን ማሰልቸት ነው ባይ ነው። አነጋገሩ ባይጥመኝም ሐሳቡ ቦታ አለው።

አሥራ አምስተኛው የዲያቆኑን ሒሳብ በሰነድ ደገፈው። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው፤ በአውሮፓውያኑ ሜይ 2 ቀን 1889። ዛሬ ግን ሚያዝያ 25 ሜይ 3 ላይ ነው የሚውለው። ዐድዋም እንዲሁ፤ ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በፈረንጆች መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ይገኛል፤ እኛ ዛሬ የምናከብረው ደግሞ በእነርሱ ማርች 2 ነው። በዚህ የተነሣ አንደኛው ወገን ተሳስቷል እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ሞልተዋል፤ የተሳሳተ የለም።

አሥራ ስድስተኛው ወደ ጎረቤት መለሰን። ዐፄ ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ነው። ያን ዓመት ነሐሴ 12 ኦገስት 17 ነበር፤ ዛሬ ኦገስት 18 ነው። በኢንተርኔት ላይ ሁለቱም ቀን የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

መልስ 17

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሙያዋን ባትነግረንም ሒሳብ የምትወድ ትመስላለች። ዲያቆኑ ከዝርዝሩ ካወጣብን፣ በእርሱው ሒሳብ የሚገባውን ልፈልግ ብላ ተነሣች። በ19ኛው መቶ ዓመት ሚያዝያ 27 ሜይ 4 ከሆነ፣ ናፖሊዮን በሞቱ ቢወጣም በግዞቱ ይገባል፦ ወደ መጀመሪያ ግዞቱ፣ ወደ ኤልባ ደሴት የወረደው ሜይ 4 ቀን 1814፣ ማለትም ሚያዝያ 27 ቀን 1806 ነው። ማርክስም ቢወጣ ላብ አደሮቹ ይገባሉ፦ በቺካጎ ሄይማርኬት አደባባይ፣ የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ይሁን የሚለው አድማ በተነሣ በቀናት ውስጥ ቦምብ የፈነዳበትና ደም የፈሰሰበት ዕለት ሜይ 4 ቀን 1886 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1878። የዓለም የላብ አደሮች ቀን ታሪክ ከዚያ አድማና ከዚያ ደም የተያያዘ ነው። በ18ኛው ደግሞ ሜይ 3 ስለሚሆን፣ ፖላንዶች እስከ ዛሬ የሚያከብሩት የ1791 ሕገ መንግሥታቸው ሚያዝያ 27 ቀን 1783 ላይ ይውላል።

ከክሩ ሁሉ ያስደሰተኝ መልስ ይህ ነው። ከውጭ የተቀዳ ዝርዝር ላይ የእኛን ቀን መለጠፍ ቀላል ነው፤ ከእኛው ቀን ተነሥቶ ዓለምን መፈለግ ግን ማንም ሲሠራው አላየሁም ነበር።

መልስ 18 እስከ 20

አሥራ ስምንተኛው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። በደርግ ዘመን የማርክስን ሥዕል ተሸክመው ሰልፍ ይወጡ እንደነበር ነግረውን፣ ሰውየው ወደ ሚያዝያ 28 መዛወሩ እንቅልፍ እንደማይነሣቸው ጻፉ። ቀጥለውም የድል በዓሉ ራሱ ያን ጊዜ በሚያዝያ 27 ይከበር እንዳልነበረ አነሡ። አሥራ ዘጠነኛው ወጣት ነው፤ ሰምቶት አያውቅም፤ እባክዎ ያብራሩልኝ አላቸው። አብራሩለት። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ሚያዝያ 27 የንጉሡ መግቢያ ስለሆነ ያንን ማክበር አልፈለገም። አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው፤ ያም በራሱ እውነት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

መልስ 21 እስከ 24

እዚህ ላይ ጨዋታው ጦፈ። ሃያ አንደኛው ደርግ በዚህች ነገር ትክክል ነበር አለ፤ ከተማው ነጻ የወጣው በመጋቢት ከሆነ፣ ሚያዝያ 27 የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነው ብሎ ተከራከረ። ሃያ ሁለተኛዋ የአርበኛ የልጅ ልጅ ናት፤ ዘራቸው ከሞረት ነው። ብዕሯ ስለታም ነው። መጋቢት 28 አዲስ አበባ የገባው በእንግሊዝ አዛዦች የሚመራ፣ ከኬንያ በኩል የመጣ ጦር ነው፤ ያንን ቀን የድል ቀን ካልን የምናከብረው የማንን ድል እንደሆነ ንገረኝ አለችው። አያቷና ጓዶቹ በእንጦጦ መንገድ ላይ ጠመንጃቸውን ይዘው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ በሕዝብ ፊት የቆሙት በሚያዝያ 27 ነው፤ ቀኑ የንጉሡ ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ነው።

ሃያ ሦስተኛውና ሃያ አራተኛው ስድብ ስለነበሩ ተሰርዘዋል። ሁለቱም ጸሐፊዎች ያውቁታል።

መልስ 25 እና 26

ደብረ ማርቆስ ያደገ እንግዳ ውኃ ቸለሰበት። መጋቢት 28 ቀን 1933፣ ያው አዲስ አበባ በተያዘችበት ዕለት፣ ንጉሡ ራሳቸው ደብረ ማርቆስ ገቡ። እንግዲህ የቀን ግጥምጥሞሽ የምትፈልጉ ከሆነ ይህም አለላችሁ ነው ነገሩ። ሃያ ስድስተኛው ከዚያ ቀጠለ፦ ንጉሡ ከደብረ ማርቆስ ወዲያው ሊነሡ ሲፈልጉ፣ እንግሊዞች በከተማው ውስጥ ስላሉት የጣልያን ሲቪሎች ደኅንነት እንሰጋለን እያሉ አቆዩዋቸው። ስለዚህ ቀኑን የወሰነው የእንግሊዞች መዘግየት እንጂ የንጉሡ ምርጫ አይደለም ሲል ደመደመ።

ድምዳሜው አልተዋጠልኝም። ማቆየታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ባዶሊዮ በሚያዝያ 27 ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዋና ከተማቸውን ሲረግጥ፣ እርሳቸው ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ የሄዱ ንጉሥ ናቸው፤ ቀኑን ሊዘነጉት አይችሉም። ልክ አምስተኛው ዓመት ሲሞላ፣ በዚያችው ዕለት መግባታቸውን ለአጋጣሚ የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

መልስ 27

ጦርነቱ በሁለቱም ቀን አላለቀም የሚል ነው። የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠው ግንቦት 11 ቀን 1933፤ ጎንደር የወደቀችው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934። ትክክል ነው፤ ግን ማንም አልተከተለውም።

መልስ 28

ከመንዝ የመጣ ፎቶግራፍ ነው። የቤተሰቡ የብራና ዳዊት ተገልጦ፣ ባዶ በነበረው የመጀመሪያ ቅጠል ላይ አያትየው የቤታቸውን ታሪክ ጽፈዋል። የልጅ ክርስትና አለ፤ በቅሎ የሞተችበት አለ፤ የአንድ ወንድም ሞት አለ። ከነዚህ መካከል አንዱ መስመር ሚያዝያ ፳፯ በዕለተ ሰኑይ ከተማ ስለ መግባት ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያለው የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበታል። ዓመተ ምሕረቱ ከሰሙ ሥር ነው፤ ማን እንደገባም እንዲሁ። ሰሙ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ አንድ ሰው በጥፍሩ ሊያነሣው ሞክሮ ቀለሙን ስለፋቀው ትቶታል፤ የጥፍሩ ጭረት ይታያል። በቤተሰቡ ውስጥ ክርክር አለ፦ አጎትየው አባቴ የጻፈው የጠላትን መግባት ነው ይላሉ፤ ላኪው ደግሞ ለንጉሡ መግባት ካልሆነ በዳዊት ላይ አይጽፍም ነበር ይላል።

መልስ 29 እና 30

ሃያ ዘጠነኛው ዕለቱ አይረዳም አለ፤ ሁለቱም ሚያዝያ 27 ማክሰኞ ነበሩ ብሎ እርግጠኛ ሆኖ ጻፈ። ዲያቆኑ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ትሕትናው ቀነስ ብሏል። ሒሳቡን ለሁላችንም ዘረገፈው፤ እኔም አብሬ ስላሰላሁት ላስቀምጠው።

በ5500 ዓመተ ዓለም ላይ 1933 ሲደመር 7433 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1858 ይደርሳል፣ ትርፉ ይተዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 9291፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2። ቀሪው 1 ከሆነ ዓመቱ በማክሰኞ ይብታል፣ 2 ከሆነ በረቡዕ፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1933 ረቡዕ ነበር። ከመስከረም 1 እስከ ሚያዝያ 27 ያለው 236 ቀን ነው፤ በሰባት ሲገደፍ 5 ይቀራል። ከረቡዕ አምስት ቀን ሲቆጠር ሰኞ። ለ1928 በዚሁ መንገድ 7428 እና 1857 ተደምረው 9285፤ ለ7 ተካፍሎ ቀሪው 3፤ መባቻው ሐሙስ፤ ከሐሙስ አምስት ሲቆጠር ማክሰኞ።

ጠላት የገባው ማክሰኞ፣ ንጉሡ የገቡት ሰኞ። ዳዊቱ ሰኑይ ስለሚል በሰሙ ሥር ያለው 1933 ነው። ላኪው ይህን ለአጎቱ እንደሚያነብላቸው ነግሮናል፤ አጎትየው ምን እንዳሉ እስካሁን አልሰማንም።

መልስ 31 እስከ 34

ሃያ ዘጠነኛው ሰው ምንጩን ሳይናገር ጠፋ። ሌሎቹ ደግሞ ዲያቆኑን የተወለድሁበትን ዕለት አስላልኝ ይሉት ጀመር። የሁለቱን ሠራላቸው፤ ሦስተኛዋን ግን ዘዴውን ስለምታውቂው ራስሽ ሞክሪው ብሎ መለሳት። ሞክራ ዓርብ አገኘች። እናቷ ሐሙስ ነው እንደሚሉም ጨመረች፤ በእናትና በባሕረ ሐሳብ መካከል የምገባ አወያይ አይደለሁም።

መልስ 35

ደብረ ሲና ተወልዳ ኔዘርላንድ የምትኖር እኅታችን ናት። እዚያም ሜይ 5 የነጻነት ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ከናዚ ጀርመን እጅ የወጡበት። በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1937 መሆኑ ነው፤ ከእኛ በአራት ዓመት ይዘገያል። ይበልጥ የሳባት ግን ዋዜማው ነው። ሜይ 4 የሙታን መታሰቢያ ቀን ሲሆን፣ በአገሩ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት በሚሆንበት ላይ አገሩ በሙሉ ለሁለት ደቂቃ ዝም ይላል፤ ባቡር ይቆማል፣ ብስክሌተኛ ይወርዳል። በማግሥቱ ደስታ ነው። ወደ ስድስተኛው መልስ ተመልሳ፣ ጫጫ ላይ የወደቁትን በ26 አስቦ 27ን ማክበር ለእኛም ያምርብናል ብላ ሐሳብ አቀረበች። እስካሁን በዚህ ክር ላይ የተቃወመው ሰው የሌለ ብቸኛ ሐሳብ ነው።

መልስ 36 እና 37

የፍቼው ሰው እንደገና። በደብረ ሊባኖስ በኩል አለፉ ሲባል ማለፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ ብሎ አሳሰበ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጣልያኖች በገዳሙ ላይ የወሰዱት የበቀል እርምጃ ግንቦት 13 ቀን 1929 ተፈጸመ። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ስለሆነ ብዙ ሕዝብ ለበዓሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ያ ቀን የተመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ግራዚያኒ በቴሌግራም የዘገበው 297 መነኮሳት መገደላቸውን ነው፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል። ሠላሳ ሰባተኛው በዚያው ላይ የሰላሌው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በአዲስ አበባ በጥይት መገደላቸውን አስታወሰ። ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ክሮች ይገባቸዋል፤ የግንቦት 13ን ከፍቻለሁ።

መልስ 38

መምህርቷ ተመልሳ ምን እንደወሰነች ነገረችን። አምስቱ ደቂቃ በጫጫ ይጀምራል። ከዚያ ሁለቱ መንገዶች፤ ካርታውን ሁለት ተማሪዎች በኖራ በግቢው ወለል ላይ ይሥሉታል፣ በአንዱ መስመር የባዶሊዮ ጦር፣ በሌላው ንጉሡ ይገባሉ። ዳዊቱ በባለቤቱ ፈቃድ ይተረካል፤ ሒሳቡን የምታሰላው የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። ከውጭው ዝርዝር ሄይማርኬትና ሼፐርድ ቀርተዋል፤ ሼፐርድ የቀረው የሳይንስ ክበቡ ስለለመነ ነው። ናፖሊዮን በሞቱም በግዞቱም ወጥቷል። የኔዘርላንዷ እኅት ሐሳብ ሁለት ደቂቃ ዝምታ ቢሆንም፣ ከአምስት ደቂቃ ሁለቱን መስጠት ስላልተቻለ ወደ ሠላሳ ሰከንድ ዝቅ ብሏል።

ጫጫ ላይ ውጊያው የተካሄደበትን ቦታ ፎቶግራፍ ያነሣ ካለ እንዲልክላት ትለምናለች። ክሩ ክፍት ነው። ስለ መጋቢት 28 እንደገና መከራከር የሚፈልግ አስቀድሞ መልስ 20 እስከ 26 ያንብብ፤ ስድብ ይዞ የሚመጣ ሳይነበብ ይሰረዛል።